ሞተሩም እንደ ጠመኔ ይቆጠርልን

ይድረስ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ፣ ለየትምህርት ቤቱ ርዕሳነ መምህራንና ለንብረት ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም በከተማችን ልጅ ለምታሳድጉ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ደግሞ የሰፈሬን ልጆች በረንዳዬ ላይ ሰብስቤ ሮቦት እንሠራለን። ሮቦት ስል ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን፣ ሰው የሚመስለውን ማለቴ አይደለም። የእኛዎቹ ከካርቶን፣ ከለስላሳ ቆርኪና ከተሰበረ መጫወቻ በወጣ ሞተር የሚሠሩ ትንንሽ መኪኖች ናቸው። ግድግዳ ሲገጥማቸው ይቆማሉ። መሬት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ይከተላሉ። አንዳንዴ አይከተሉም። ትምህርቱ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። ብዙ ገንዘብም አልጠይቅም። የሮቦት መማሪያ ዕቃ በንብረት መዝገብ ላይ የሚመዘገብበት አንድ ቃል እንዲቀየር ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ ግን እዚህ ጥያቄ ላይ እንዴት እንደደረስኩ ላውራችሁ።

ከዓመታት በፊት አስተምርበት ወደነበረ አንድ ትምህርት ቤት ስድስት ካርቶን የሮቦት መማሪያ ዕቃ በእርዳታ መጣ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ነገሩ እዚያ ብቻ የሆነ አይደለምና ስም መጥራቱ ፍትሕ አይሆንም። ካርቶኑ ውስጥ ሞተር አለ፣ ጎማ አለ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የሚያውቅ ሴንሰር አለ፣ ልጅ ራሱ የሚያዛቸው፣ የሮቦቱ አእምሮ የሆኑ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች አሉ። ያን ቀን ማታ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕቃው በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ሆነ። ቋሚ ንብረት ተብሎ ተመዘገበ። ቁጥር ተለጠፈበት። ቁም ሳጥን ውስጥ ገባና ተቆለፈበት።

ንብረት ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። የክፍሉ ሠራተኛ ደግ ሴት ናቸው። "ቲቸር፣ የወጪ ደረሰኙን፣ ሞዴል 22ን፣ እቆርጥልሃለሁ፤ ችግር የለም" አሉኝ። "ግን በስምህ ነው የሚወጣው። አንዲት ነገር ብትጎድል ከደሞዝህ ነው።"

ቆሜ አሰብኩ። ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪ አለ። ልጅ ሲነካው ሽቦ ይበጠሳል። ጎማ ይጠፋል። ሞተር ይቃጠላል። ቤቴ ውስጥ ደግሞ ኪራይ አለ፣ የወር አስቤዛ አለ። ሳልፈርም ተመለስኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቁም ሳጥኑ ለቆጠራ ተከፈተ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በባትሪ ቤቱ ውስጥ እንደገቡ የቀሩት ድንጋዮች ፈስሰዋል። መገናኛውን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። የቦርዶቹ ፕላስቲክ ግን እንደታሸገ ነው። አንድ ልጅ እንኳ አልነካውም። ቆጣሪው የተለጠፈውን ቁጥር አየ፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረ፣ "ሙሉ" ብሎ ጻፈ።

ያ "ሙሉ" የሚል ቃል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ማንም ክፉ አልሠራም። ሠራተኛዋ ሥራቸውን ሠሩ። ርዕሰ መምህሩ የመንግሥት ንብረት ጠበቁ። እኔ ደሞዜን ጠበቅኩ። ሁላችንም ስንጠብቅ ዕቃው በቁሙ ሞተ። ችግሩ ያለው ምዝገባው ላይ ነው። ጠመኔ ሲገዛ አላቂ ዕቃ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የትኛውም መምህር "ጠመኔው ለምን አለቀ?" ተብሎ አይጠየቅም። እንዲያውም ካላለቀ ነው መጠየቅ ያለበት። ሽቦ፣ ትንሽ ሞተር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ኤልኢዲ የሚባለው ትንሽ አምፖል፣ ሴንሰር፣ ጎማ፣ ቦርዱም ጭምር ልጅ የሚማርባቸው ጠመኔዎች ናቸው። ላፕቶፑ ቋሚ ንብረት ሆኖ ይቀመጥ፤ በዚያ አልከራከርም። የቀረው አላቂ ተብሎ ይመዝገብልን። ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ልጅ እንዲሰብር መፍቀድ ለምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በረንዳዬ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ መኪናዋን ጨረሰች። ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ድንጋዩን ስትገጥም መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄዱን ትታ ባለችበት እንደ እንዝርት ትሾር ጀመር። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉንጯን ከሲሚንቶው አስጠግታ ጎማዎቹን አየች። "አንዱ ወደፊት ነው፤ አንዱ ወደኋላ ነው" አለች። ማንንም ሳትጠይቅ የአንዱን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ፈታች። አቀያይራ አሰረቻቸው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ የእናቴን ረከቦት ገጨች። ልጅቷ የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ውስጥ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ዙሩም ይገለበጣል። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ በጣቶቼ የማግኔቱንና የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ እያሳየሁ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምረዋለሁ። ተማሪዎቼ ለፈተና ይይዙታል። ከፈተና በኋላ ይረሱታል። ያቺ ልጅ ግን አትረሳውም። በእጇ ነው የያዘችው።

ሌላው የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ሒሳብ አልወድም ይላል። መኪናው ላይ ሁለት ዓይን የሚመስል ሴንሰር ገጥሟል። ሴንሰሩ እንደ ሌሊት ወፍ ነው የሚሠራው። በአንደኛው ዓይን የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ፣ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ፣ ይልካል። በሌላው ዓይን ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሄዶ ለመመለስ የወሰደበት ጊዜ ከታወቀ ርቀቱ ይታወቃል። ልጁ ጊዜውን በፍጥነቱ አባዛ። ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ላይ እንድትቆም መኪናዋን አዘዛት። መኪናዋ ሄዳ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመች። በማስመሪያ ለካው። ደግሞ ሞከረ፤ 10። 30 ላይ ቁሚ አላት፤ 15 ላይ ቆመች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከባድ ነው፤ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል እየለካ፣ እየጻፈ፣ እያጉረመረመ ቆየ። ከዚያ ድንገት "ሄዶ እኮ ነው የመጣው!" ብሎ ተነሣ። "ሁለት መንገድ ነው የሄደው። ለሁለት ማካፈል አለብኝ!"

ማካፈልን ከሦስት ዓመት በፊት ነው የተማረው። ለምን እንደሚካፈል ግን ያን ቀን ነው የገባው።

ስለ ጋቢው ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ። የልጆቹ መኪና ግድግዳ ፊት ትቆማለች፣ ሣጥን ፊት ትቆማለች። አዛውንቱ ጋ ስትደርስ ግን ሳትቆም እግራቸው ላይ ወጣች። "ምነው ልጆቼ፣ እኔን አታየኝም እንዴ?" አሉ። የዕለቱ እቅዴ ተሰረዘ። ልጆቹ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ ትራስ፣ ነጠላ፣ ስፖንጅና የአዛውንቱን ጋቢ በየተራ እያቆሙ መኪናዋን ሰደዱባቸው። ደብተር ላይ ሠንጠረዥ ሠሩ። ጠንካራና ልሙጥ ፊት ያለው ነገር ድምፁን ይመልሳል። እንደ ጋቢ ያለው ወፍራም ጥጥ ውጦ ያስቀረዋል። አንዱ ልጅ ፋሲል ግቢ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሲያጨበጭቡ ድምፁ እንደሚመለስ፣ ቤታቸው አልጋና መጋረጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ግን እንደማይመለስ አስታወሰን። እኔ አልነገርኩትም። አዛውንቱም የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መምጣታቸውን ረስተው እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ።

ይህ ሁሉ የሆነው ልጆቹ ዕቃውን ስለነኩት ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ "እዩ፣ አትንኩ" ብላቸው አንዱም አይሆንም ነበር።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ አሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ሲይሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለ የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቷል። በዚያ ቋንቋ የምትታዘዝ፣ ወለል ላይ እየሄደች በእስክሪብቶ የምትሥል "ኤሊ" ነበረችው። ኮምፒውተሩ ልጁን ከሚያዘው፣ ልጁ ኮምፒውተሩን ይዘዘው ነው ነገሩ። እኛ ኤሊዋን ያለ ምንም ኮምፒውተር እንሠራታለን። አንዱን ልጅ ዓይኑን በነጠላ ሸፍነን በእጁ ጠመኔ እናስይዘዋለን። ሌላው ያዘዋል። "ወደፊት አራት እርምጃ። ወደ ቀኝ ዙር።" ኤሊው መዞር ይጀምራል፤ ስንት እንደሚዞር አልተነገረውምና አያቆምም። አዛዡ ይናደዳል። ከዚያ "ሩብ ዙር" ማለት እንዳለበት ይገባዋል። ማሽን የሚሠራው ያሰብከውን ሳይሆን የነገርከውን መሆኑን አንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚማረው። ወጪው አንድ ጠመኔ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ለዚህ አስተማመር ባዳ አይደለንም። የቅኔ ተማሪ እንዴት ነው የሚማረው? መምህሩ መንገዱን ያሳዩታል። ከዚያ ሂድና ቅኔ ቁጠር፣ ራስህ ፍጠር ማለት ነው፣ ይሉታል። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ያሰማል። ይታረማል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኙ ይመለሳል፤ ደግሞ ይቆጥራል። እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይደርሳል። የመጀመሪያ ቀን የተበላሸ ቅኔ ይዞ የመጣን ተማሪ "ከእንግዲህ ቅኔ አትንካ" ያለ መምህር ሰምቼ አላውቅም። አባቶቻችን ልጅ ራሱ እየሠራ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ እንደሚማር ያውቁ ነበር። ሰፈር ውስጥ ልጆቻችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠሩም የሰጣቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው ናቸው የጀመሩት። እኛ የምንጨምረው ሞተሩን ብቻ ነው።

ወጪው ያሳስባችሁ ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቦርድም ኮምፒውተርም አያስፈልግም። ድንጋይ፣ ሞተር፣ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ካርቶን፣ ማስቲሽ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይበቃሉ። የሞተ ስልክ ውስጥ ስልኩን የሚያነዝር ትንሽ ሞተር አለ። ከጥርስ ብሩሽ ጭንቅላት ጋር ተጣብቆ ድንጋይ ሲሰጠው ብሩሹ ራሱ ጠረጴዛ ላይ ይሮጣል። ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻና ፕሪንተር ሞተርና ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ይወጣሉ። ፒያሳና አራዳ ያላችሁ የሞባይልና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ይህን ካነበባችሁ፣ የማይጠገነውን አትጣሉብን። በፌስታል አስቀምጡልን፤ እንወስዳለን። ለእናንተ ቆሻሻ ነው፤ ለእኛ የአንድ ወር ትምህርት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ቦርድ ያስፈልጋል። አርዱዊኖ የሚባለው አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን አገር ኢቭሬያ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ብዙ አምራቾች እየቀዱ በርካሽ ይሸጡታል። ለሦስት ልጅ አንድ ቦርድ፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ ሴንሰር ከተገኘ በቂ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ መካከለኛ ስልክ ዋጋ ያነሰ ነው።

ሦስት ያልኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ አምስት አምስት አድርጌ ነበር። ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሦስቱ ያያሉ። የሚያዩት ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ። ወንዶቹ ካቻቢቴውን ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ደብተሩን ይይዛሉ። ማንም አዟቸው አይደለም፤ ከቤት ይዘውት ነው የመጡት። ስለዚህ ሕግ አወጣን። አንዱ በእጁ ይሠራል፣ አንዱ ያዛል፣ አንዱ ይጽፋል። በየ10 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሰዓቱን የምትይዘው ከሴቶቹ አንዷ ናት፤ ሲደርስ ጣሳ ትመታለች። በአንድ ወር ውስጥ ልዩነቱ ጠፋ። ወላጆች ሆይ፣ ሴት ልጃችሁ ካቻቢቴ ስትጠይቃችሁ "ምን ያደርግልሻል?" አትበሏት። ስጧት።

ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጋ ወላጅ አለ፤ ልክ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት ነው፤ ይገድላል። በእኛ ሥራ ማንም ልጅ ሶኬት አይነካም። የምንጠቀመው ከ3 እስከ 9 ቮልት፣ የሬዲዮ ድንጋይ ነው። ከላፕቶፕ የሚወጣ ሊቲየም ባትሪ ሾርት ካደረገ እሳት ይነሣል። ስለዚህ በነፃ ቢገኝም አናስገባውም። ሽቦ ሲቆረጥ መነጽር ይደረጋል። ሶልደር የማደርገው፣ ሽቦን በጋለ ብረት የማያይዘው፣ እኔ ብቻ ነኝ።

ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ይህ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየባቸውን ጊዜያት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው አገራዊ ሥልጠና ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ ትልልቅ ተማሪዎቼም እንዲመዘገቡ ነግሬያለሁ። ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ለ10 ዓመት ልጅም የተዘጋጀ አይደለም። በረንዳ ላይ ያለች መኪና ግን ኔትወርክ አትፈልግም። ስክራች የሚባለው፣ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ የሚጽፉበት የልጆች ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አማርኛም አለው። ልጅ ገና እንግሊዝኛው ሳይጠናለት በአማርኛ ማሽን ያዛል። መጀመሪያ ቀን "አማርኛ" የሚለውን ስመርጥላቸው የነበረውን ፊታቸውን ብታዩት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወደ ኤሊዋ እንመለሳለን።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ የሚያስከፋው ሰው ካለ ይቅርታ። እባካችሁ በኤግዚቢሽን አንጀምር። የፈጠራ ሥራ አውደ ርእይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ሥራውን መምህሩ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይሠራል። ልጁ ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሶ ጎኑ ይቆማል። የተጻፈለትን በቃሉ ይላል። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ልጁ ግን ሽቦ አልፈታም። ውድድርና ሽልማት ይምጣ፤ ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚያሳዩት ሲኖራቸው ይምጣ። እስከዚያ ለአውደ ርእይ ባነርና ድንኳን የሚወጣው ብር ድንጋይና ሽቦ ይገዛልን።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገሪቱ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሮቦት ይህን ይፈውሳል አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ሥሩ ብዙ ነው። ነገር ግን ብዙ ተማሪዎቼ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ፊዚክስን የሚያውቁት የማይነካ፣ የማይታይ፣ በሰሌዳ ላይ ብቻ ያለ ነገር አድርገው ነው። አንድ ሞተር ፈትተው ቢያውቁ ኖሮ ሥራዬ ቀላል ይሆን ነበር። ይህንን ከልምዴ እናገራለሁ።

ከመዝገቡ ቃል ሌላ ሁለት ነገር ብታደርጉልን ሥራው ይፈጥናል። በዚህ ክረምት፣ ትምህርት ቤቶች ባዶ በሚሆኑበት ጊዜ፣ ከአዘዞም ከማራኪም ከመሀል ከተማም አንድ አንድ ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ይከፈትልን። ጥበቃው ቁልፉን የሚሰጥበት አንዲት ደብዳቤ በቂ ናት። ለጎንደር ዩኒቨርሲቲና ለፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ደግሞ ተመራቂ ተማሪዎችን ይልኩልን ዘንድ ጻፉልን። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ቅዳሜን ለልጆች የሰጠ ተማሪ ይቆጠርለት። የሚመጡት ወጣቶች አንድ ነገር ብቻ ይማሩ፤ እጃቸውን ከልጁ ዕቃ ላይ ማንሣት። ልጁ ሲቸገር ነጥቆ መሥራት ይቀናል። እኔም እስካሁን ይፈትነኛል።

የንብረት ክፍል ሠራተኞችና ኦዲተሮች ስጋት ይገባኛል። አላቂ ከተባለ ሞተሩ በኪስ እየገባ ቢጠፋስ? ለዚህ እኛ አንድ ዘዴ ይዘናል፤ ልትወስዱት ትችላላችሁ። በረንዳዬ ጥግ ላይ "የተሰበረ" የተጻፈበት የካርቶን ሣጥን አለ። የተበላሸ ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፤ አይጣልም። ጎኑ በክር የታሰረ ደብተር አለ። የሰበረው ልጅ ራሱ ይጽፋል፦ ምን ተበላሸ፣ እንዴት፣ ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ። አይቀጣም። ሳይጽፍ ግን አይሄድም። በወር አንዴ ሣጥኑን እንከፍታለን። ደብተሩና በሣጥኑ ውስጥ ያለው ይመሳከራል። ለኦዲተር የማሳየው ሰነድ ይህ ነው። ከመምህሩ ፊርማ ይልቅ በዚህ እተማመናለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቹ ሲያስመስሉ ያስታውቃሉ።

ከመምሪያው ወይም ከየትኛውም ትምህርት ቤት የሚመጣ ሰው ቢኖር ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በሬ ክፍት ነው። ከትምህርት ቤቶቻችን የመጣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ቡና አለ። ደብተሩን ከነክሩ አስረክባችኋለሁ፤ አገላብጣችሁ ታዩታላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ያቺ የ11 ዓመት ልጅ የጻፈችው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። እንዳለ ልገልብጠው፦

"አንድ ሞተር ተቃጠለ። ቶሎ እንድትሄድ ብዬ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ሰጠኋት። ሞተሩ ባለ 3 ቮልት ነው። መጀመሪያ በጣም ሮጠች፣ ከዚያ ሸተተ፣ ከዚያ ቆመች። ሲሸት ወዲያው መንቀል ነበረብኝ። ሞተሩን ፈትቼ ውስጡን አየሁት፤ ቀጭን ሽቦ ነው የተጠቀለለው፤ ጠቁሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ከአሮጌው ዲቪዲ ሌላ አወጣለሁ።"

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር
ጎንደር